የወፈረው እሳት

ይህን እያነበባችሁ ኪያር የምትቆረጥሙ ካላችሁ ለጊዜው አስቀምጡት፤ መጨረሻው ላይ አብረን እንበላዋለን። እኔ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ኪያር በልቼ አልቅሻለሁ። ሽንኩርት አላልኩም፣ ኪያር ነው ያልኩት። የሚያውቁኝ ሰዎች «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጀመረው» ይላሉ። ይበሉ። ማጋነን እወዳለሁ፤ የዛሬውን ግን ባጋንነውም ባላጋንነውም ያው ነው።

ስሜ ታደሰ ነው። ጆሃንስበርግ፣ ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ገበያ፣ ሊፍቱ ከሞተ ዘመናት ባለፉት ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለተኛው ላይ ብርድ ልብስና መጋረጃ በጅምላ እሸጣለሁ። ሱቁ የእኔና የሸምሱ ነው። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፣ እኔ የሆሳዕና። ከተዋወቅን አሥራ ስምንት ዓመታችን ነው። እሱ ከመቅጠኑ የተነሳ ንፋስ ባለበት ቀን ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ሳይጨምር ከቤት አይወጣም። እኔ ደግሞ ታክሲ ስገባ ሹፌሩ የሦስት ሰው ቦታ በዓይኑ ይለካል።

በዚያ ሰሞን የነበርኩትን ሰው ላሳያችሁ። ጠዋት ብርድ ልብስ ክምር ላይ እቀመጣለሁ፤ ማታ ከዚያው እነሣለሁ። በመካከሉ ኮታ ይመጣልኛል። ኮታ ማለት ሩብ ዳቦ ተቦርቡሮ ድንች ጥብስ፣ ቋሊማና እንቁላል የሚጠቀጠቅበት የሰፈር ምሳ ነው፤ ሐኪም ያላየው ቦምብ በሉት። እየሸጥኩ አንቀላፋለሁ፣ እያንቀላፋሁ እቀልዳለሁ። አልቆጣም። ሕንፃው ውስጥ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው እኔ ጋ መጥቶ፣ አስቄው ነበር።

አንድ ቀን ልጄ ሊዲያ ወረቀት ይዛ ሱቅ መጣች። ሊዲያ እዚሁ የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። አማርኛዋ እንደ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ በየመንገዱ እንግሊዝኛ እየጫነ ነው የሚደርሰው።

«ዳዲ፣ ይሄ አዩርቬዳ ነው። የሕንዶች የድሮ ሕክምና። የጓደኛዬ ግራንድማ ታክምበታለች። ሰው ሦስት ዓይነት ነው ይላሉ፤ ቫታ፣ ፒታ፣ ካፋ።»

«ሦስት ብቻ? ጀፕ አልመጡም ማለት ነው።»

«ፕሊዝ፣ ለአንድ ደቂቃ ሲሪየስ ሁን!»

እንዳስረዳችኝ ከሆነ ቫታ ንፋስ ነው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ብርድ የማይችል፣ ሐሳቡ የማይረጋ። ፒታ እሳት ነው፤ ቶሎ የሚርበው፣ ቶሎ የሚያልበው፣ አእምሮውም ቁጣውም ስለታም። ካፋ ውሃና አፈር ነው፤ ገዘፍ ያለ፣ ረጋ ያለ፣ እንቅልፍ የሚወድ፣ የማይቆጣ። ሦስቱም ሁሉም ሰው ውስጥ አሉ፤ አንዱ ግን ይበዛል። የበዛው ከልኩ ሲያልፍ ሰውዬው ይታመማል፤ ያን ጊዜ በተቃራኒው ምግብና አኗኗር ሚዛኑ ይመለሳል።

ወረቀቱ ላይ ጥያቄዎች ነበሩ። ደንበኛ ፊት ተቀምጠን ሞላናቸው።

«ሰውነትህ? ቀጭን፣ መካከለኛ ወይስ ግዙፍ?» አለች ሊዲያ።

«ከግዙፍ በላይ የሚል የለውም?» አለ ሸምሱ።

«እንቅልፍህ?»

«አሁን ተኝቷል፣ ሲነቃ ጠይቂው» አለ አሁንም ሸምሱ።

ደምረን ስናየው ካፋ ነኝ። ካፋ ብቻ ሳልሆን የካፋዎች ሊቀ መንበር ነኝ። ሸምሱ ደግሞ ንጹሕ ንፋስ ሆነ። ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ እየተደረገ ከፎቅ ፎቅ ሲዞር ሰነበተ፤ በሳምንቱ ሕንፃው ውስጥ «የየት አገር ልጅ ነህ?» መባባል ቀርቶ «አንተ ምንድን ነህ?» ሆነ። ከታች ያለው ጫማ ሻጭ ደንበኛ በተሳደበ ቁጥር «ፒታዬ ተነሥቶብኝ ነው» ማለት ጀመረ።

ለካፋ የታዘዘው ቀለል ያለ፣ ትኩስና ቅመም ያለበት ምግብ፣ ብዙ እንቅስቃሴም ነው። ወረቀቱ «ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ በጥቂቱ» ይላል። ጥቂት የሚለው ቃል እኛ አገር ስለ በርበሬ ተነግሮ አያውቅም። ጠዋት በባዶ ሆዴ በፈላ ውሃ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና፣ ከራሴ ጨምሬ፣ ሚጥሚጣ በጥብጬ እጠጣለሁ። በቀን አንዴ ብቻ እበላለሁ። እኩለ ቀን ላይ ብርድ ልብስ ተሸክሜ እስከ ስድስተኛ ፎቅ በደረጃ እወጣለሁ። ለደም ግፊቴ ሐኪም ያዘዘልኝን ክኒንም በገዛ ሥልጣኔ አቆምኩት። ይህች የመጨረሻዋ ግን ቀልድ አይደለችም፤ ቂልነት ናት።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ ቆየሁ። እንቅልፌ ጠፋ። ደረቴ ነደደ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ቁጣዬ ነው። ማማ ኖምሳ የምትባል፣ ከአይቮሪ ፓርክ እየመጣች ብርድ ልብስ የምትወስድ የብዙ ዘመን ደንበኛዬ ናት። እንደ ወትሮዋ «ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ!» ብላ ገባች። እኔ ደግሞ የመጋረጃውን ዘንግ ጠረጴዛው ላይ አላትሜ ጮህኩባት። ለምን እንደጮህኩ እስካሁን አላውቅም። ሴትዮዋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሸምሱ ግን አልገረመውም። ከዚህ በፊት አንድ ቀን አይቶት የሚፈራውን ነገር እንደገና እንዳየ ሰው ነበር የሚያየኝ።

ቅዳሜ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ ጥቅሉን ተሸክሜ አራተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ደረጃው ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ እኔ መጣ። ወደቅሁ። ፈጣሪ ደግ ነው፤ የወደቅሁት በራሴ ዕቃ ላይ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ሊዲያ ደረቴ ላይ ተደፍታ «ዳዲ! ዳዲ!» ትላለች፤ ሸምሱ እግሬን ይዟል፤ አንድ ደንበኛ ደግሞ የወደቅሁበትን ብርድ ልብስ ዋጋ ይጠይቃል።

ክሊኒክ ወሰዱኝ። ሐኪሟ የጨጓራዬ ግድግዳ እንደተቃጠለ፣ ግፊቴም ጣሪያ እንደነካ ነገረችኝ። ክኒኑን ዛሬውኑ እንድጀምር አዘዘች። ዘጠኝ ቀን የጠጣሁትን ስነግራት መጻፏን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ፤ «ይህን ለምን አደረግህ?» አለች። «ካፋ ስለሆንኩ» አልኳት። አልሳቀችም።

በማግስቱ እሑድ ሊዲያ የጓደኛዋን አያት ለምና ቀጠሮ ያዘችልኝ። ሌኔዥያ ነው ቤታቸው። መንዳት ስለተከለከልኩ ሸምሱ በፒክአፑ ወሰደን። እኚህን አሮጊት ሁሉም «ባ» ይሏቸዋል፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ከሎሚ ዛፍ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛቸው ፈጣን ስለሆነ ሊዲያ ታስተረጉምልኛለች። ሦስት ጣታቸውን የእጄ ደም ሥር ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወረቀቴን አዩት።

«ይሄን ማን ሞላው?»

«እኔ።»

«ስለ ማን?»

«ስለ ራሴ ነዋ!»

«አይደለም» አሉ ባ። «ይሄ ስለ ሱቅህ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ፣ የከበደ፣ የደነዘዘ። ሱቅ አላክምም።»

ሸምሱ ሊስቅ ሲል አዩትና ተወ።

«ሰው ሁለት ነገር አለው» አሉ። «ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣው አለ፤ መንገድ ላይ የለበሰው አለ። የመጀመሪያው አይለወጥም። የምናስተካክለው ሁለተኛውን ነው፤ ወደ መጀመሪያው እንዲመለስ። አንተ የጻፍከው የለበስከውን ነው። ልጅ ሳለህ እንዴት ነበርክ? ወፍራም? ቀጭን? እንቅልፍህስ? ቁጣህስ?»

«አላውቅም» አልኩ። የሰባት ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚተኛ ራሱ አያውቅም፤ ተኝቷላ! ከዚያ ዕድሜ የተረፈኝ ፎቶ እንኳን የለም።

«ማን ያውቃል?» አሉ ባ።

«እናቴ። ሞታለች።»

«ሌላስ?»

ሊዲያ ቀስ ብላ፣ «አክስቴ አለች» አለች።

አዎ፣ አለች። እትዬ ወርቄ፣ ታላቅ እህቴ፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ። ከስድስት ዓመት በላይ አላናገርኳትም። ምክንያቱ ይኸው፦ ያን ጊዜ አይቮሪ ፓርክ ሱቅ ነበረኝ፤ ተዘረፈ፤ በለበስኩት ልብስ ብቻ ወጣሁ። ባለቤቴና ሊዲያ ዘመድ ጋ ተጠጉ፤ እኔ ሂልብሮው፣ ሸምሱ የሚኖርበት ክፍል ውስጥ መሬት ላይ አደርኩ። በዚያው ሳምንት እናታችን ሆሳዕና ላይ አረፈች። እኔ አልሰማሁም። ከአራት ወር በኋላ ጀፕ ምግብ ቤት ተቀምጬ፣ ከአገር የመጣ እንግዳ ሰው «የእናትህን ነገር ሰምቼ አዘንኩ» ሲለኝ ነው ያወቅሁት። እዚያው ለእትዬ ወርቄ ደወልኩላትና «አንቺ እናቴን ሁለት ጊዜ ቀበርሻት» አልኳት። ሌላም አልኩ፤ እዚህ የማልጽፈው። መልሷን ሳልሰማ ዘጋሁ። ቁጥሯንም ዘጋሁት። በማግስቱ ከሸምሱ ጋር በጀመርነው ሱቅ ስቀልድ ዋልኩ። መወፈር የጀመርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው፤ ግን ማን ያስተውላል?

«አልደውልላትም» አልኩ።

ባ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «እንግዲያስ እኔም የምልህ የለም። በግምት ምክር አልሰጥም። በግምት የሆንከውን ትናንት አይተኸዋል።»

ሊዲያ ወደ እኔ ዞረች። «ዳዲ፣ ትናንት የሞትክ መስሎኝ ነበር» አለች። ይህችን ያለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተናገረቻት። አልቻልኩም።

«ቁጥሯን አጥፍቼዋለሁ።»

«እኔ አለኝ። ኤቭሪ ሰንደይ እናወራለን።»

እየሱስ! ቤቴ ውስጥ፣ እኔ ኮታዬን ስፈጭ!

ይሄኔ ሸምሱ ከወንበሩ ተነሣ። «ዛሬ ይደክመዋል፣ ሌላ ቀን ይደውል። እኔ መኪናውን ልይ» ብሎ ወደ በሩ ሄደ። መኪናው ከተቀመጥንበት ይታያል፤ ማንም አልነካውም።

ሊዲያ ድምፁን ከፍታ ደወለች። አራት ጊዜ ጠራ።

«ሊዲያዬ!» አለ ያ ድምፅ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

በሀዲይኛ፣ «ታመሃል?» አለችኝ። የት ነበርክ አላለችም። ምን ቆርጦህ አላለችም።

«ደህና ነኝ። ሊዲያ እንድትሰማ በአማርኛ እናውራ። እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅ ሆኜ... ያልበኝ ነበር?»

«ምን?»

«ላብ። ብዙ ነበር?»

«ታዴ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ የደወልክልኝ ላብህን ልትጠይቀኝ ነው?»

«እንቅልፍም።»

ትንፋሿ ሲሰበር ሰማሁ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። «አንተ? መቼ ተኝተህ ታውቃለህ! እንደ ጅማት የቀጠንክ፣ ከሁላችን ቀድመህ የምትነሣ። ምሳ ትንሽ ከዘገየ ምሰሶውን ትነክስ ነበር። ሰው ሁሉ ጋቢ ሲደርብ አንተ ሸሚዝህን ታወልቃለህ። ስትቆጣማ... ጆሮህ ይቀላል። ግማሽ ቀን ነዶ ነዶ ይበርድልህና፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ደግሞ የሚቀድምህ የለም።»

ሊዲያ ታስተረጉማለች፤ ባ በወረቀቱ ጀርባ እየጻፉ፣ «ፒታ... ፒታ... ይሄም ፒታ» ይላሉ።

«አባባ የሞተ ዕለት ትዝ ይልሃል?» አለች እትዬ ወርቄ።

«አይለኝም።»

«ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። አንድ ጎረቤት መንገድ ላይ አስቁሞ በደረቁ ነገረህ። ገብተህ የመስኮቱን መስታወት በእጅህ መታኸው። ደምህ ፈስሶ ሊያልቅ ነበር። ቀኝ ክንድህ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን የመጣ መሰለህ?»

ሊዲያ ክንዴን አየች። ለእሷ ከጅብ ጋር ታግዬ ነው ብያት ነበር። ብዙ ጊዜ ስለተናገርኩት እኔም ጅቡን አምኜው ነበር።

«ለዚህ ነው እማማ ስታርፍ በስልክ ያልነገርኩህ» አለች። «ሱቅህ ተዘርፎ፣ ሰው አገር... ራሱን ይበላል ብዬ ፈራሁ። ሰው ሰብስበህ፣ በማለዳ፣ እንደ ወጉ መርዶውን ንገረው፤ ቀኝ እጁን ያዝልኝ ብዬ ለሸምሱ ላክሁለት። ሦስት ጊዜ ደወልኩለት። ሸምሱ አልነገረህም እንዴ?»

ሸምሱ በሩ አጠገብ ቆሟል።

አንባቢዎቼ፣ እሳት እንዴት እንደሚነሣ ያን ቀን አየሁት። ከሆዴ ተነሣ፣ ደረቴን አለፈ፣ ጆሮዬ ውስጥ መጮህ ጀመረ። ብድግ ስል የፕላስቲክ ወንበሩ ከዳሌዬ ጋር አብሮ ተነሣ። ማንም አልሳቀም።

«ተቀመጥ» አሉ ባ። «አሁን የት ደርሷል?»

«ምኑ?»

«እሳቱ።»

«ጆሮዬ ላይ።»

አጠገባቸው የተላጠ ኪያር በሳህን ነበር። አንድ ትልቅ ቁራጭ አንስተው ሰጡኝ። «መጀመሪያ ይህን ብላ። ቀስ ብለህ አኝክ። ስትጨርስ የፈለግኸውን በል፤ አልከለክልህም።»

ኪያር አልወድም። ለእኔ ኪያር ቅርጽ የተሰጠው ውሃ ነው። ግን እንዳልናገር ምክንያት ሆነኝ፤ ጎረስኩት። አፌ ሲሞላ ሸምሱ በአሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላቋርጠው ተናገረ።

«ሦስት ጠዋት ሰው ይዤ መጣሁ ታዴ። ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር፣ ሂልብሮው፣ እኔው ክፍል፣ አንተ በተኛህበት። በመጀመሪያው ቀን ገና ሳንቀመጥ ስለ ዘራፊዎቹ ጀመርክ። ‹ፍሪጁን የወሰደው ልጅ በሩን ዘግቶልኝ ሄደ፤ እናቱ በሥርዓት ነው ያሳደገችው› አልክ። ሽማግሌዎቹ እስኪያነቡ ሳቁ። እናት የሚለውን ቃል ከአፍህ ሰምተው መርዶውን ማውጣት አቃታቸው። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። በሦስተኛው አንደኛው፣ ‹ይህ ሰው ያልተዘረፈው ሳቁን ብቻ ነው፤ እኔ አልነጥቀውም› ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ... የሰማህ ዕለት ልናገር መጣሁ፤ እህትህን በስልክ ስትሰድብ ደረስኩ። ፈራሁህ። ወላሂ ፈራሁህ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሱቁን ስንከፍት አፌ ላይ ነበረች።»

አኘክሁ። እነዚያን ሦስት ጠዋቶች አስታወስኳቸው። ሰዎቹ ቀልዴን ወደው ተመልሰው የመጡ መስሎኝ ነበር። ለሁለተኛው ቀን አዲስ ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር የጠበቅኋቸው። የእናቴ መርዶ ሦስት ጊዜ ደጄ ድረስ መጥቶ፣ ሦስት ጊዜ አስቄ መለስኩት።

እንባዬ ኪያሩ ላይ ወረደ። ጨው ሆነለት መሰለኝ፣ ጣፈጠኝ።

«ታዴ? አለህ?» አለች እትዬ ወርቄ በስልኩ።

«አለሁ።»

«ምን እያኘክህ ነው?»

«ኪያር።»

«አንተ? ኪያር?» ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ያልኩሽን ሁሉ...»

«ተወው። ይበርድለታል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ድሮ ግማሽ ቀን ነበር የሚበቃህ፤ ይሄኛው ብቻ ረዘመብህ።»

ስንሰነባበት ባ በሩ ድረስ ሸኙን። «እሳት ነህ» አሉኝ። «እሳትን ብርድ ልብስ ስትጭንበት ይታፈናል፣ ይከብዳል፣ ካፋ ይመስላል፤ ግን አልጠፋም። የወፈረ እሳት ነህ። አንተ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ሚጥሚጣ ጨመርክበት።» ምክራቸው አጭር ነበር፦ በሰዓቱ ብላ፣ ምሳ አትዝለል፣ በርበሬውን ቀንስ፣ በቀትር አትሸከም፣ ክኒንህን ዋጥ፣ ሐኪምህ ጋ ተመለስ። «እኔ በሐኪምህ ቦታ አልቆምም» አሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ሊዲያ በመካከላችን ተቀምጣ የእኔን እጅና የሸምሱን ትከሻ ይዛ ነበር።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ የቤቴ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሸምሱ ነው፤ ከኋላው ከእነዚያ ሽማግሌዎች ሁለቱ። ሦስተኛው አገሩ ገብቷል። ባለቤቴ ቀድማ ተነግሯት ኖሮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ገብተው ተቀመጡ። ሸምሱ ከቀኜ ሆኖ ክንዴን፣ ጠባሳው ላይ፣ በሁለት እጁ ያዘ።

«ታደሰ ወንድሜ» አለ፣ «እናትህ አርፋለች።»

ምላሴ ላይ ቀልድ መጣልኝ። መምጣቷ አይቀርም። «ስድስት ዓመት የዘገያችሁት ታክሲ አጥታችሁ ነው?» የምትል፣ ጥሩ ቀልድ ነበረች፤ ሽማግሌዎቹም እንድናገራት የሚጠብቁ ይመስላሉ። ዋጥኳት። ከኮታ ትከብዳለች። ከዚያ እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቀስኩ፤ ሸምሱም ክንዴን አልለቀቀም።

እኔ አዩርቬዳ አስተማሪ አይደለሁም። ሰው ሦስት ዓይነት ይሁን ሦስት ሺህ አላውቅም። ዛሬም ወፍራም ነኝ፤ ሦስት የነበረው የታክሲ ቦታዬ ወደ ሁለት ተኩል ወርዷል። ማማ ኖምሳን ይቅርታ ጠይቄ ታርቀናል። እሑድ ሲሆን ስልኩ በእኔና በሊዲያ መካከል ጠብ ያስነሣል። የተማርኩት ቢኖር፣ ረጋ ያልኩ የመሰለኝ እነዚያ ስድስት ዓመታት እርጋታ አልነበሩም። ስለ ራሳችሁ ማናቸውንም ወረቀት ከመሙላታችሁ በፊት፣ አሁን የለበሳችሁትን ከመልበሳችሁ በፊት የነበረውን ሰው የሚያውቅ አንድ ሰው ፈልጉ። የተጣላችሁት ቢሆንም ደውሉ፤ ምን እንደምትሉ ከጨነቃችሁ ስለ ላብ ጀምሩ።

አሁን ኪያራችሁን አንሡ። ቀስ ብላችሁ አኝኩ። አፋችሁ ሞልቶ ሳለም አጠገባችሁ ያለው ሰው ስንት ዓመት ሊነግራችሁ ፈልጎ ያቃተውን ስሙት።